ሁለተኛዋ ማንኪያ

በሩ ሲንኳኳ ጎሚስታው ደነገጠና እርጥቧን ማንኪያ ሱሪው ኪስ ውስጥ ወተፋት። የውኃውን ብርጭቆ በሳህኑ መልሶ ከደነው። አባቱ ከተኙበት ሆነው ዝም ብለው ያዩታል። የታችኛው ከንፈራቸው ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። በአውራ ጣቱ ጠረገላቸው።

ውኃው ለዚህ አልነበረም የተቀዳው። ማለዳ ታላቅ እህቱ ናት ቀድታ፣ ማንኪያ አጠገቡ አስቀምጣ፣ "ከቆረቡ በኋላ ነው የሚጠጡት፣ ሰማህ? ቄሱ ሳይመጡ ጠብታ እንዳይነካቸው። አንተ ከአጠገባቸው ንቅንቅ እንዳትል። ምላስህንም ሰብሰብ አድርጋት!" ያለችው።

"እሺ እታለም" ብሏት ነበር።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰበሰባትን ምላስ! እምነቱን ቀይሮ ወደ ሌላ ጸሎት ቤት ከሄደ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር ከአባቱ ጋር አንድ ወሬ ነው። "የሚያድነው ማመን ነው አባባ። ኅብስቱ መታሰቢያ ነው፣ በቃ።" አባቱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ግንበኛ፣ "መታሰቢያማ ፎቶግራፍ ነው። እኔ ደግሞ ፎቶግራፍ በልቼ አላውቅም" ይሉና በሳቅ ይንከተከታሉ። ሳቁ ሲያልቅላቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ ያለሱ ፈጣሪ ፊት መቆም እፈራለሁ ልጄ። አንተ ካልፈራህ እሰየው" ይሉታል።

ዛሬ ያ ከንፈር እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ሲያየው አንጀቱ አልቻለም። "አባባ፣ አንዲት ማንኪያ ብቻ" አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊከላከሉት እጃቸውን ለማንሳት ቢሞክሩ እጅ እንቢ አለ። ማንኪያዋን በጥርሳቸው መሃል አሾለካት። ዋጡ። ምን ያድርጉ?

እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት። "ያው፣ ሰማይ አልተደፋም!" አለና ደገመ። የመጀመሪያዋ ማንኪያ ለጥማታቸው ነበረች። ሁለተኛዋ ለክርክሩ ነበረች። አባቱ ዓይናቸውን ከጣሪያው አውርደው ያዩት ያን ጊዜ ነው። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ቄሱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ቅዱስ ዕቃ ደረታቸው ላይ አቅፈው ገቡ፤ እህቱ ከኋላቸው። ጠረጴዛው ላይ እስኪያሳርፉት ድረስ ቃል አልወጣቸውም። ጎሚስታውን ሲያዩት ግን ፊታቸው ፈካ አለ።

"አንተም አለህ? ጎበዝ! ክርክሩ ይቆየን፤ አባት አባት ነው።"

ቢያመናጭቁት ይሻለው ነበር። እህቱ ሻማ ለኮሰች። ቄሱ ወደ አልጋው ጎንበስ አሉ።

"ከትናንት ማታ ወዲህ በአፋቸው የገባ ነገር አለ?"

"ኧረ ጠብታም!" አለች እህቱ። "ሌሊቱን እኔ ነበርኩ። አሁን እርስዎን ልጠራ ስወጣ ደግሞ እሱ።" ዞራ አየችው። "አይደል?"

አዎ ገብቷል ቢል፣ ቄሱ ዕቃቸውን ይዘው ይመለሱ ይሆናል፤ አባቱ ደግሞ ነገን የሚያዩ አይመስሉም። አልገባም ቢል፣ አባቱ አንድ ቀን አቃለው የማያውቁትን ነገር በሱ ውሸት ሊቀበሉ ነው። በየቀኑ የተበሳ ጎማ ውኃ ውስጥ እየነከረ በአረፋው ቀዳዳውን የሚያጋልጥ ሰው፣ የራሱ ተራ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ።

"እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ መጣ። አባቱ ናቸው። "ጠማኝ። እንቢ ብሎኝ ነበር፤ ለምኜ… ለምኜ ነው ያስገደድኩት። ልጁን አትዩት። ጥፋቱ የኔ ነው አባ፣ ይፍቱኝ።"

እህቱ አፏን በእጇ ያዘች።

"እንዲህ ለደከመ ሰው ውኃ አይከለከልም" አሉ ቄሱ። "ቀድሞ የጠየቀኝ ቢኖር ይህንኑ እነግረው ነበር። እግዚአብሔር ይፍታዎት።" እጃቸውን ወደ ነጩ ጨርቅ ሰደዱ።

"አልለመኑኝም" ሊል ጎሚስታው አፉን ከፈተ። አባቱ ዓይናቸውን ጣል አደረጉበት፤ ልጅ ሳለ እንግዳ ፊት ሲያጠፋ የሚያዩት አስተያየት ነበር፦ ዝም በል፣ በኋላ እንነጋገራለን። በኋላ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ዝም አለ። አባቱም ያለሱ ፈጣሪ ፊት መቆም የሚፈሩትን ነገር፣ ለልጃቸው ብለው በዋሹበት አፍ ተቀበሉ።

"ውኃ" አሉ ቄሱ በሹክሹክታ።

እህቱ ሳህኑን ከብርጭቆው ላይ አነሳች። መጉደሉን አየች። እጇ ጠረጴዛውን ይዳብስ ጀመር፤ ከመድኃኒቱ ብልቃጥ ኋላ፣ ከሻማው ሥር።

"ማንኪያዋ… እዚህ ነበረች እኮ።"

ጎሚስታው እጁን ኪሱ ከተተ። ጨርቁ ርሶ ጭኑ ላይ ተጣብቋል። ማንኪያዋን አወጣት፤ እጀታዋ ላይ ታጥቦ የማይለቀው የጎማ ጥላሸት፣ የጣቱ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እህቱ ልትቀበለው እጇን አልዘረጋችም። ራሱ ቀዳ። ግማሹ አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

አባቱ ግን ማንኪያዋ ገና ሳትደርስ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁት።