የዊልፍሪዶ እግሮች

ዊልፍሪዶ መቀመጥ ያቃተው ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ነው።

ይቀመጣል፤ ይነሳል። ከማንጎው ዛፍ እስከ አጥሩ ይመላለሳል። ተመልሶ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ቆሞም ቢሆን አንዱን እግሩን አንስቶ ሌላውን ያስቀምጣል፤ ፍም ላይ የቆመ ይመስላል።

ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ማግዳሌና ወንዝ ዳር የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ ነበር። መድኃኒት ሲለምድ ድምፆቹ ራቁ። አምስት ዓመት ሙሉ ደህና ከረመ።

የክኒኑ ብልቃጥ የሚቀመጠው ፍሪጁ ላይ ነው። እህቱ ኢዳሊዴስ አውርዳ ቆጠረች። ከአሥር ቀን በፊት ስልሳ ነበሩ። አሁንም ስልሳ ናቸው።

"መድኃኒትህን ወስደሃል?" አለችው።

"ወስጃለሁ።"

"መቼ?"

"ጠዋት። ተይኝ እስቲ ኢዳ፤ ሕፃን ነኝ እንዴ?"

ይህን የመለሰላት እየተንቆራጠጠ ነበር።

ወደ ማዕድ ቤት ገባች። እናታቸው ኤውፌሚያ የዓሣ ሾርባ እያማሰሉ ነበር።

"እማማ፣ መድኃኒቱን ትቶታል። ብልቃጡ እንዳለ ነው።"

አሮጊቷ ማማሰላቸውን አላቆሙም።

ያለፈውን ሁለቱም ያስታውሳሉ። ከስድስት ዓመት በፊት ዊልፍሪዶ ክኒኑን በተወ ጊዜ አምስት ጎረቤቶች በሚንጠለጠል የመረብ አልጋ ገመድ አስረው፣ በጀልባ ጭነው፣ ወደ ከተማው ሆስፒታል ወስደውታል። የገመዱ ጠባሳ ዛሬም እጁ ላይ አለ። ኤውፌሚያ ጀልባዋ ከዓይናቸው እስክትጠፋ ድረስ በወንዙ ዳር እየሮጡ ተከትለዋት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኢዳሊዴስ ሁለት ክኒን በማንኪያ ጀርባ ፈጭታ ፓፓያ ጭማቂው ውስጥ ጨመረች። ዊልፍሪዶ ጠጣው። አመሰገናት። ፊቷን አዞረች።

በሦስተኛው ቀን ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ጎረቤታቸው ኦስቫልዶ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ዊልፍሪዶ! ከንቲባ ልትሆን ነው እንዴ እንዲህ የምትዞረው? እኔ ድምፄን ሰጥቼሃለሁ፤ አሁን ቁጭ በል!" አለው።

ዊልፍሪዶ ሊስቅ ሞከረ። መንጋጋው አልታዘዘውም።

በአምስተኛው ቀን ማታ ኢዳሊዴስ ብልቃጡን እንደገና ቆጠረች። እሷ ከወሰደችው በኋላ ሃምሳ መቅረት ነበረበት። አርባ ብቻ ናቸው። ወዲያው ገባት፤ እንደምትቆጥር አውቋል፣ የዋጠ ለመምሰል ወንዝ ውስጥ እየጣላቸው ነው! ተናደደች። ጭማቂውን ጨልጦ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ መቆም ጀመረች።

በዘጠነኛው ቀን የጥገና ቤቱ ባለቤት ወደ ቤት ላከው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ብሎን መያዝ አቅቶት ነበር። እራት ላይ ምላሱ ከብዶት ይኮላተፋል። ኤውፌሚያ እንደ ሕፃን በማንኪያ አጎረሱት፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አልለቀቁትም።

"እማማ፣ እግሮቼን ቁረጡልኝ" አለ እያለቀሰ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጭማቂ አልተጨመቀም፤ እሳትም አልተለኮሰም። ኢዳሊዴስ ብልቃጡን ቦርሳዋ ከትታ ወንድሟን ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደችው። እናታቸው ነጠላ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ተከተሏቸው።

"መድኃኒቱን እየጣለ ነው" አለች ኢዳሊዴስ ለሐኪሟ። "ሆስፒታል ይግባልን። ሌላ መላ የለኝም።"

ሐኪሟ የዊልፍሪዶን ክንድ ይዛ አጠፈችው። እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንገራገጨ ታጠፈ። ነርሷን ዮሌይዳን ጠራቻት። ዮሌይዳ መዝገብ ይዛ መጣች።

"ዊልፍሪዶ ክኒን አይጥልም" አለች ነርሷ። "የድሮው በጣም ሲያደክመው በሌላ ቀየርንለት። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ማለዳ ወደ ሥራ ሲሄድ እዚህ ጎራ ብሎ በእኔ ፊት ይውጣል። አንድ ቀን አላጎደለም። አዲሱ እግሩን አላስቀምጥ ሲለው መጠኑን ቀነስንለት፤ ግን ባሰበት።"

ኢዳሊዴስ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ወር ሲሞላ ልነግርሽ ነበር" አለ ዊልፍሪዶ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ። "ያለ ጠባቂ መዋጥ እንደምችል ላሳይሽ ብዬ።"

ኢዳሊዴስ ብልቃጡን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"በጭማቂ" አለች። "ጠዋት ጠዋት። ሁለት ሁለት፤ ዘጠኝ ቀን። ስልሳ ነበሩ። የተወ መስሎኝ።"

ሐኪሟ አልተቆጣቻትም። "ሕመሙ አገርሽቶበት አይደለም" አለች በዝግታ። "ዕረፍት የነሳው መድኃኒቱ ነው። የድሮው በአዲሱ ላይ ተደራርቦበታል። ትንሽ ብንቆይ ለሕይወቱ ያሰጋው ነበር። ከእንግዲህ መድኃኒቱን የሚወስደው ራሱ ነው፤ ሌላ ማንም ምንም አይጨምርለትም። ሲብስበትም ሲሻለውም ለእኛ ትነግሩናላችሁ።"

ከዚያ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችና ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

"ስልሳ ነበሩ ብለሻል። በዘጠኝ ቀን አንቺ የወሰድሽው አሥራ ስምንት ነው። አርባ ሁለት መኖር ነበረበት። እዚህ ያለው ሃያ አራት ነው።"

ሁሉም ዊልፍሪዶን አዩት።

"እኔ ብልቃጡን ነክቼው አላውቅም" አለ።

የዊልፍሪዶ እግሮች ወለሉን ይደበድባሉ።

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ኤውፌሚያ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ነበር። ቀስ ብለው ገለጡት።

"እኔ ሾርባው ውስጥ ነበር የማደርግለት" አሉ።