መብራት የማይፈልግ መብራት

ሳፊያ ነጩን ኬብል በቀኝ እጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። ደረጃው ላይ የቆሙት ጎረቤቶች በአንድ አፍ «እጅሽን!» ብለው ጮኹ። እሷ ግን ሁሉም እንዲያይላት እጇን ከፍ አደረገች።

«ይኸው ያዝኩት! ከገደለኝ ቅበሩኝ፤ ካልገደለኝ ከመንገዴ ዞር በሉልኝ።»

ነገሩን ያበላሸው ኢንተርኔት ሊዘረጋ የመጣው ለሜሳ ነው። ለዚህ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ፋይበር፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር፣ ሊያስገባ ምድር ቤት አንዲት ሳጥን ሰቅሎ፣ ከሳጥኗ ወደ ሳፊያ ቤት፣ ወደ አራተኛ ፎቅ፣ ኬብል ሲጎትት የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ተስፋሚካኤል ደረሱበት። «ለመሆኑ ውስጡ የሚሄደው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። «ብርሃን» ቢል ምን ነበረበት? «መብራት ነው» አለ። የሰውየው ፊት ሲለዋወጥ ጊዜ ሊያርም ብሎ ጭራሽ ጨመረበት፤ «ሳጥኗ ግን መብራት አትፈልግም፤ ሶኬት እንኳ የላትም። አንዱን መብራት ለሁሉም ቤት ታከፋፍላለች እንጂ።» አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«መብራት ሆኖ መብራት የማይፈልግ! እንቆቅልሽ ነው ወይስ ኢንተርኔት? ይነቀል!» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል።

ክፉ ሰው አይደሉም። አምና እዚሁ ግቢ አንድ ልጅ የተላጠ ሽቦ ነክቶ እጁ ሲቃጠል፣ አቅፈው ሐኪም ቤት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ባዩ ቁጥር ደማቸው ይፈላል።

ሳፊያ ደግሞ ትዕግስቷ አልቋል። ልጇ ሳዲቅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መስማት አይችልም። ሐዋሳ ሶፋ ይሠራል፤ እናትና ልጅ የሚያወሩት በስልክ ቪዲዮ፣ በእጅ ነው። ሰሞኑን ሴት ልጅ ወለደ። በወረቀት ስሟ ሒክማ ነው፤ እሱንማ በጽሑፍ ልኮላታል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ግን ለሚወዱት ሰው የእጅ ስም ያወጣሉ፤ ያ ስም በፊደል አይጻፍም። ሳዲቅ እሱን ሊያሳያት መዳፉን ወደ ጉንጩ እንዳነሳ ምስሉ ቀጥ አለ። ደጋግማ ደወለች፤ ኔትወርኩ ሁሌ እዚያው ጉንጩ ላይ ያቆመዋል። የልጅ ልጇን ስም ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው። ኢንተርኔት እንዲገባላት የጠየቀችውም ለዚህ ነው።

ኬብሉ ምንም አላደረጋትም። ጎረቤቱ ሁሉ እፎይ አለ። አቶ ተስፋሚካኤል ግን እጅ አልሰጡም።

«አሁንማ መብራት ጠፍቷል! ሲመጣ ነው የሚነዝረው።»

እውነትም መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የለሜሳ ድሪል ግድግዳ መብሳት አቅቶት ደረጃው ላይ ተጋድሟል።

«እንግዲያው እስኪመጣ አልለቀውም» አለችና ሳፊያ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«የሳዲቅ እናት፣ እልህ ምላጭ ያስውጣል።»

«ያስውጠኛ ጋሼ! ዛሬ እውጠዋለሁ።»

እማማ ጠጄ ከሕዝቡ መሃል ወጡ። ይህ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሳይበቅል በፊት እዚህ ሜዳ ላይ ጤፍ ያመርቱ የነበሩ አሮጊት ናቸው። ጉልበታቸውን እየደገፉ ከሳፊያ ጎን ተቀመጡና ኬብሉን ከእጇ በታች ያዙት።

«ኧረ እርስዎ ይተዉ፣ እማማ!»

«ለምን? ብቻሽን ጀግና ልትባዪ ነው?»

ሰው ሳቀ። አቶ ተስፋሚካኤል ብቻ አልሳቁም።

ብዙም ሳይቆይ ልጆች ከየፎቁ «መጣ!» ብለው ጮኹ። የደረጃው አምፖል በራ፤ የአንዱ ቤት ቴሌቪዥን ማንባረቅ ጀመረ። የሁሉም ዓይን ሁለቱ ሴቶች እጅ ላይ ተተከለ። ሳፊያ ልቧ ድንግጥ አለ። ለካ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም! ቢሆንም አልለቀቀችውም፤ ይልቁንም ጠበቅ አደረገችው።

ምንም የለም።

«እኔስ ሙቀት እንኳ አላገኘሁበት» አሉ እማማ ጠጄ።

አቶ ተስፋሚካኤል የሁለቱን ሴቶች እጆች ትክ ብለው አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ እንግዲህ፣ በሚመጣው ሳምንት ስብሰባ ጠርተን እንወያይበት።»

«ልጄ ስብሰባ አይሰማም፣ ጋሼ» አለች ሳፊያ። ወደ ለሜሳ ዞረች። «ብሳው!»

ለሜሳ ሰብሳቢውን አየ። እሳቸው አልፈቀዱም፤ አልከለከሉምም፤ ድሪሉ ከሚሰካበት ሶኬት ፊት ግን ዞር አሉ። ድሪሉ ግድግዳው ላይ ጮኸ። ሳፊያ ያን ጊዜ ኬብሉን ለቀቀች። እጇ ደንዝዟል። ጣቶቿን አንድ በአንድ እየሳበች አፍታታቻቸው፤ ማታ ስም የሚማሩ ጣቶች ናቸው።