የአክስቴና የእትዬ አዋላጅ የጠረጴዛ ልብስ

መጀመሪያ ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት በስንት መከራ ነው፤ ሀሌታው «ሀ» የት፣ ሐመሩ «ሐ» የት እንደሚገባ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋ ነው የምጽፈው። የማይነበብ ቃል ካጋጠማችሁ ዝለሉት።

አክስቴ ጡረታ እንደወጣች የስዊድን ጥልፍ ጀመረች። ያስጀመሯት ጎረቤታችን ናቸው፤ ሥራቸው ማዋለድ ስለነበር እትዬ አዋላጅ እንላቸዋለን። የጥለት ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ገዝተው ያመጡት እሳቸው ናቸው።

በዚህ ጥልፍ መርፌው ጨርቁን በስቶ አያልፍም። ጨርቁ ላይ ከፍ ከፍ ብለው በተሸመኑት ክሮች ሥር ብቻ ሹልክ ይላል። ስለዚህ ጨርቁ ሲገለበጥ ጀርባው ላይ ምንም አይታይም። ከባዱ መሃል ላይ የሚሠራው የመጀመሪያው ረድፍ ነው፤ ክር በክር ተቆጥሮ ይሠራል። የቀሩት ረድፎች ወደ ላይና ወደ ታች እሱን እያዩ ይከተላሉ።

ሁለቱም የሚሠሩት በጠረጴዛ መሃል የሚነጠፍ ረጅምና ጠባብ ልብስ ነበር። የእኛ ጠረጴዛ ሲሞላ ቴሌቪዥኑ ለበሰ፤ ከዚያ ማቀዝቀዣው፣ ከዚያ የጫማ መደርደሪያው። የአክስቴ ባል ጋሼ አውቶቡስ ነጂ የነበሩ ሰው ናቸው። «እኔንም እንዳታለብሰኝ ብዬ አንድ ቦታ ብዙ አልቆምም» ይሉ ነበር።

በሁለቱ ግቢ መሃል፣ አጥሩ ላይ ትንሽ በር አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ተዘግታ አታውቅም። እኔ ጠዋት ለአክስቴ፣ ከሰዓት ለእትዬ አዋላጅ ዕቃ አጥባለሁ፤ ዓይናቸው ስለደከመም መርፌያቸው ላይ ክር አስገባለሁ። ሁለቱም ሥራቸውን እንደያዙ ሸለብ ያደርጋቸዋል። ጋሼ ደግሞ በዚያችው በር ገብተው ከእትዬ አዋላጅ ባል ጋር ዳማ ይጫወታሉ።

የሰፈሩ አዳራሽ የእጅ ሥራ ውድድር አወጣ። ሁለቱም በየቤታቸው ተደብቀው መሥራት ጀመሩ።

አንድ ቀን አክስቴ የሠራችውን ዘርግታ ጮኸች።

«ኑ እዩ! ይኼ ጥለት መጽሐፉ ላይ የለም። ከራሴ ጭንቅላት ነው የወጣው!»

«ጭንቅላትሽን አውቀዋለሁ» አሉ ጋሼ፤ «እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶበት አያውቅም።»

ውድድሩ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አክስቴ መቀስ ልትዋስ ሄደች። የራሷን ጥለት እትዬ አዋላጅ ጭን ላይ ተዘርግቶ አይታ መቀሱን ሳትይዝ ተመለሰች። እትዬ አዋላጅ ከኋላዋ እየሮጡ መጡ።

«ሰርቀሽኛል!» አለች አክስቴ።

«እኔ? ከገዛ ጭንቅላቴ ያወጣሁትን?»

«ካንቺ ጭንቅላት ፎረፎር እንጂ ሌላ ነገር አይወጣም!»

በሩ የዚያኑ ዕለት በሚስማር ተመታ። እኔ በዋናው መንገድ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

«ሥራዬን ያሳያት ሰው አለ» አለች አክስቴ። «በሁለቱ ቤት ሲመላለስ የሚውለው ማነው?»

«እኔና ይቺ ልጅ» አሉ ጋሼ።

«እሷን ተዋት። ደህና ዋላችሁ ለማለት እንኳ ሦስት ቀን የምታስብ ልጅ! አንተ ነህ።»

እርሳስና ወረቀት ሰጥታ «እስቲ ጥለቴን ሣለው» አለቻቸው። ጋሼ ምላሳቸውን አውጥተው ብዙ ደከሙ።

«ይኼ ፍየል ነው?»

«አበባ ነው እኮ።»

«ሆን ብለህ ነው ያበላሸኸው! ጥፋተኛ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ከዚያ በኋላ ጋሼ ከቤት ሲወጡ ኪሳቸው ይፈተሽ ጀመር። የተገኘው አንድ የዳማ ጠጠርና ግማሽ ከረሜላ ነው።

የውድድሩ ቀን ዳኛዋ የስፌት አስተማሪ ነበሩ። ሁለቱን ልብሶች ጎን ለጎን ዘርግተው በጣታቸው ቆጠሩ። ገልብጠው ጀርባቸውን አዩ። እንደገና ቆጠሩ።

«እስከ መጨረሻዋ ክር አንድ ናቸው» አሉ። «አንዳችሁ ከሌላዋ ገልብጣለች። ማን እንደሆነች ካልነገራችሁኝ ሁለቱንም አልቀበልም።»

«እሷ ናት!» አሉ ሁለቱም እኩል።

«ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳላይሽ» አሉ እትዬ አዋላጅ።

«አንቺም የኔ ላይ!»

አዳራሹ ሳቀ። ሁለቱ ግን አልሳቁም። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እትዬ አዋላጅ መነጽራቸውን አውልቀው በጥልፉ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አክስቴን ልጆቿን ሁሉ ያዋለዷት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰዓት ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም።

ጋሼ ከኋላ ወንበር ተነሡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሥራውን ከቤት ቤት ያመላለስኩት እኔ ነኝ። እናንተ አትጣሉ።»

«እንዴት አድርገው?» አሉ ዳኛዋ።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ጃኬቴ ውስጥ» አሉ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ አንድ ላይ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«እኔ ብዬሽ ነበር፣ ይኼ ሰው ዝም ሲል ደግ አይደለም!» አለች አክስቴ።

«እህቴ፣ እንዴት ቻልሽው?» አሉ እትዬ አዋላጅ፤ ክንዷን ያዙ። እየተደጋገፉ፣ ጋሼን እየረገሙ ወጡ። ሽልማቱን የሶፋ ትራስ የሠራች ሴት ወሰደች። ማንም ልብ አላላትም።

የበሩን ሚስማር የነቀሉት ጋሼ ናቸው፤ እንደ ቅጣት። ዳማም ለሁለት ወር ተከለከሉ። አሁን መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ የእትዬ አዋላጅ ባል ብቻቸውን ሁለቱንም ወገን ሲጫወቱ ያያሉ። «እሱን እንዳትነካ! በላኸው! አይ የኔ ነገር!» ይላሉ በመስኮቱ። አክስቴና እትዬ አዋላጅ በየቀኑ አብረው ይሠራሉ፤ የጋሼን ነገር ሲያነሡ እየሳቁ እንባቸው ይመጣል። ጋሼ የመርፌ ቀዳዳ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ይህን የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልመጣም።

ቆጠራቸው ተሳስቶ ሳይ፣ በሁለቱም ቤት እነሱ ሲያንቀላፉ የመጀመሪያውን ረድፍ ተርትሬ እንደገና የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ የማውቀው ጥለት ደግሞ አንድ ብቻ ነው።