የስንዱ ክርን

የቆዳ ውበት ባለሙያ ሁሉ ጀርም እንዳያዛምት እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በማይወልቅ ስስ ሽፋን እንዲታሸግ ከታዘዘ አምስት ዓመት ሆነ። ስንዱ ዛሬም የመጨረሻ ደንበኛዋን ፊት አጽድታ ስትጨርስ፣ ሴትየዋ «እጅሽ ይባረክ! ድሮ ፊቴን ተሠርቼ ብጉር ሳላተርፍ አልወጣም ነበር» ብላ መረቀቻት።

ስንዱ ቤቷ ገብታ የአራት ዓመት ልጇን ሶልያናን ልታጥባት ውኃ አሞቀች። የታሸጉት ጣቶቿ ሙቅና ቀዝቃዛ ስለማይለዩ በክርኗ ለካችው። እንደ ልማዷም የልጇን ጉንጭ በክርኗ ዳበሰችው፤ ልስላሴው የሚሰማት ሽፋኑ የሚያበቃበት እዚያ ጋ ነው።

«እማዬ፣ ቆይ መጀመሪያ አሻንጉሊቴን ላስተኛት» አለች ሶልያና።

አሻንጉሊቷን አልጋው ላይ አጋደመቻት። ከዚያም ያልታሸጉ ትንንሽ ጣቶቿን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ የአሻንጉሊቷን ጉንጭ በክርኗ ቀስ አድርጋ ዳበሰችላት።