ሲመጣ አሳይሃለሁ

ካሱ የኦይታን ሆድ ባየ ቁጥር ቁርሱ ወደ ላይ ይመጣበታል።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ከገረሴ በላይ ባለው ደጋ እንሰቱ በበሽታ ደርቆ፣ ገብሱ ሳያፈራ ቀርቶ፣ የሰው ቆዳና አጥንት ተጣብቋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦይታ ግን እንደ ቅልብ በግ ደልቧል። ጠጉሩን ቅቤ ተቀብቶ፣ አረቄ አረቄ እየሸተተ ይመጣና የተራበ ሰው ፊት ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ከጥርሱ ያወጣትን ደግሞ መልሶ ይውጣታል።

ካሱ የርዳታ ሠራተኛ ነው። በየወሩ ከአርባ ምንጭ በላንድሮቨር እየወጣ ለችግረኛ ቤተሰቦች ጥሬ ብር ያድላል። መንገዱ ለእህል መኪና አይሆንም፤ ገረሴ ገበያ ግን እህል አለ፣ የጠፋው መግዣው ነው። አብራው የምትወጣው ጽጌሬዳ ስም ትጠራለች፣ ታስፈርማለች፣ ሲያልቅም አቅመ ደካሞቹን እየደገፈች እስከ መንደራቸው ትሸኛለች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ስትመለስ ካሱ ጎንበስ ብሎ ይጠርግላታል። ቀለበት አስረዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርጋቸው ነው። ቆጣቢ ልጅ ናት፣ በዚያች ደመወዝ አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም ከወዲሁ ገዝታ ጨርሳለች።

ኦይታ የብሩን ነገር ከመጀመሪያውም አልወደደውም።

«እህል አምጡ» አለ፣ ስንጥሩን ሳይጥል። «እህል በጀርባ ሲሄድ አገር ያየዋል። ብር አፍ የለው፤ ማን እጅ እንደገባ አይናገር።»

ካሱ በሆዱ ሳቀ። እህል ቢመጣ በኩንታል ሊያወርድ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ይሄ እንኳ የሚቆጨው ነገር አይኖርም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከክፍያው ማግስት፣ ካሱ መበለቷ ወለቴ ቤት ጎራ አለ። ምድጃው ላይ የሚፈላው የዱር ቅጠል ብቻ ነው። ጥግ ላይ አንገቷ ላይ ጨሌ ያሰረች ልጅ እግሯ አብጦ ተኝታለች።

«እናቴ፣ ብሩስ? ምነው እህል አልገዙ?»

የወለቴ አማርኛ ከገበያ የተለቀመ ነው። «ላም ሞተ» አለች። «የዚህ ልጅ እናቱም ሞተ። ይሄ ብቻ ቀረ። እሱም ዛሬ አልተነሳም፤ እህል ከየት ላምጣለት?»

«ብሩ የት ሄደ ነው የምልዎ።»

«ግማሹ ይወሰዳል። መዋጮ ነው አለ። ለእናት አገር ነው አለ።»

«ማነው ያለው?»

«የመንግሥት ሰው ነዋ። እጄን ይይዛል። እማማ፣ እማማ ይላል። መንገድ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ስንደርስ ብሩን ይቀበለኛል።»

ካሱ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። እዚህ ቀበሌ መዋጮ የሚሰበስበው ኦይታ ነው። ስርቆቱስ ስርቆት ነው፤ ያ ቅቤ የጠጣ እጅ የዚህችን አሮጊት እጅ መያዙ፣ ያ አፍ እማማ ማለቱ ግን አንገሸገሸው። የሚተፋበት አጥቶ ምራቁን ዋጠ።

«ስሙን ይንገሩኝ።»

ወለቴ ራሷን ነቀነቀች። «ሰው በሌለበት አይከሰስም። ጎሜ ይሆናል። ጎሜ ደግሞ እኔን ትቶ ይሄን ልጅ ይበላል። ሲመጣ አሳይሃለሁ።»

ሌሎቹንም ጠየቀ። ጎሜን፣ ያን ከሠሪው አልፎ ዘር የሚከተለውን እርግማን፣ የማይፈራ አልነበረም፤ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። «ሲመጣ» አሉት።

እስኪመጣ የሚጠብቅበት ትዕግሥት ካሱ አልነበረውም። ላንድሮቨሩ ጋ ተመልሶ ለጽጌሬዳ ነገራት።

«ማነው አለች?» ብላ አቋረጠችው።

«ስም አልጠራችም። ግን ኦይታ ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል?»

ጽጌሬዳ ትንፋሿን ለቀቀች። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

አልጠበቀም፤ ሄዶ ከሰሰ። በዚያው ሳምንት ሚሊሻዎች ኦይታን በገበያ መሐል የፊጥኝ አሰሩት። የጠጉሩ ቅቤ በፀሐዩ ቀልጦ ግንባሩ ላይ ይወርድ ነበር።

«ያየኝ ሰው ይምጣ! ፊቴ ይናገር!» ይላል።

ይህም ለካሱ ያው ቅርሻት ነበር። ፊቱን አዙሮ ተፋ። ኋላ አርባ ምንጭ ላይ ኦይታ ተገርፎ አመነ ሲባል ሰማ፤ ስለ ግርፋቱ ትንሽ ቀፈፈው፣ ማመኑ ግን አንጀቱን አራሰው።

የሚቀጥለው የክፍያ ቀን ደረሰ። ወለቴ ልጅቱን አዝላ መጣች። የልጅቱ አንገት በትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዛሬ እህል ካልገባላት ለሌላ ክፍያ እንደማትደርስ ያላወቀ አልነበረም። ካሱ ራሱ ስሟን ጠርቶ፣ ራሱ አስፈርሞ፣ ብሩን በገዛ እጁ አስጨበጣት።

«እናቴ፣ ያ ሌባ ታስሯል። እንግዲህ ብርዎን ማንም አይነካውም።»

«ታሰረ?» አለች። ፊቷ በራ። ጉልበቱን ስማ፣ በጋሞኛ መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች። ካሱ አይኑ እንባ አቀረረ፤ ከወራት ወዲህ ይሄ የመጀመሪያው ንጹሕ ቀን መሰለው።

እስካሁን ላንድሮቨሩ ውስጥ የቆየችው ጽጌሬዳ እንደ ወትሮዋ ልትሸኝ ወርዳ መጣች። እጇን ዘረጋች።

«ኑ እማማ፣ ልሸኝዎ።»

ወለቴ የጨበጠችውን ብር ጡቷ ሥር ሸሽጋ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ጣቷን ወደ ጽጌሬዳ ቀስራ ካሱን አየችው።

«ልጄ፣ ታሰረ አላልክም? ይኸው እሱ መጣ።»