የፋብሪካው ፀጉር

የውብዳር ባሏን በቀበረች ማግሥት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ለሐዘን ፀጉሯን ስትሸለት፣ ለፋብሪካው ፀጉር የሚሰበስበው ናሁሰናይ ከረጢቱን ይዞ ገባ።

ሕጉን የማያውቅ የለም። ፋብሪካው ወደ ሐይቁ የለቀቀውን ከባድ ብረት የመጠጠ ነገር ሁሉ የፋብሪካው ንብረት ነው። መጀመሪያ የሐይቁን ዳር ደንገል አጨደ፤ በደንገል ታንኳ የሚሠራው ባሏ ምትኩ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ቀጥሎ ዓሣውን ወሰደ። አሁን ብረቱ የተጠራቀመበትን የነዋሪውን ፀጉርና ጥፍር ይለቅማል፤ እናቶች የልጆቻቸውን ጥፍር በጣሳ እያጠራቀሙ ያስረክባሉ። ቆሻሻ ደፍቶ ባለንብረት መሆን እንዲህ ቀለለ።

«እትዬ የውብዳር፣ እግዜር ያጥናዎት። ፀጉሩን ልውሰድ፤ ትእዛዝ ነው» አለ ናሁሰናይ አንገቱን ደፍቶ።

«ውስጡ ያለው ብረት የእናንተ ነው?»

«በሕግ የፋብሪካው ነው።»

«የምትኩን ኩላሊት የበላውስ?»

ፋብሪካው ያንን ብረት «የእኔ አይደለም» ብሎ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ረትቷል።

የውብዳር የተሸለተውን ፀጉር ከጭኗ ላይ አፍሳ ዘረጋችለት። «እንካ። ግን በለቀስተኛው ፊት ‹ባልሽን የገደለው ብረት የእኛ ነው› በልና ውሰድ። ለፀጉሬ ባለቤት፣ ለሬሳው ባዳ መሆን የለም።»

ለቀስተኛው ሁሉ ናሁሰናይን አየው።

«እኔ እኮ ተላላኪ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው የላኩህ ይምጡ።»

ባዶ ከረጢቱን አጥፎ ወጣ። የምትኩ እህት ጥሩዬ ሻሿን ፈትታ ወደ የውብዳር ተጠጋች።

«መቀሱን ወዲህ በይ» አለች። «ሲመጡ የእኔንም ፀጉር ይጠይቁ።»