ከአምባላዩ ጅራት ሥር
በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፈረስ ቆዳውን የሚመረምር ልጥፍ ይለጠፍበት ነበር፤ ልጥፉ ዕጢ ካገኘ ፈረሱ በዚያው ቀን ተወስዶ ይገደላል። የእንጅባራው ፈረሰኛ ታከለ ከአምባላይ ፈረሱ ጅራት ሥር ጥቁር እብጠት በእጁ የዳሰሰ ዕለት ልጥፉ ገና አላወቀም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሮት የኖረ ፈረስ ነውና አልጨከነም፤ ልጥፉን ልጦ በራሱ ክንድ ላይ ለጠፈና በእጅጌው ሸፈነው።

«አባዬ፣ ቢደርሱብህስ?» አለችው ልጁ ይታይሽ።

«ዝም በይ ልጄ። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ምን ያገኛል?»

ልጥፉ ስምንት ቀን ጸጥ አለ። በዘጠነኛው ጠዋት ለአምባላዩ ገብስ ሲሰጥ ከእጅጌው ውስጥ ድምፅ ወጣ፤ «ዕጢ ተገኝቷል። መኪናው መንገድ ላይ ነው።»

ይታይሽ ሮጣ የፈረሱን ልጓም ያዘች። «በጓሮ በኩል ላሽሸው!» አለች።

ታከለ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን በሌላው እጁ ቀስ እያለ ዳሰሰ። ከክርኑ በላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።